ሰመራ ላይ የማይሠራ ዋስትና

ዕቃ የሚያበላሸው ቸልተኛ ሰው ነው የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ጥንቁቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ቸልተኛ ሰው ዕቃውን ይጥለዋል፣ ያነሳዋል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ በእጅጌው ይጠርገዋል፤ ዕቃውም ባሕርዩን ለምዶ አብሮት ያረጃል። ዕቃ የሚገድለው ጥንቁቅ ሰው ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ... ራሴን ነው።

ላፕቶፑ አልበራም ባለበት ዓርብ ከሰዓት በኋላ እቤታችን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራላችሁ፤ ኋላ "እኔ አልነበርኩም" የሚል እንዳይመጣ። አንደኛ እኔ አስካለ፣ ሰመራ ላይ የከባድ መኪና ሸራ የምሰፋው። ሁለተኛ ባለቤቴ ደምሴ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እጁ የገባ ወረቀት ሳያነበው የማይወጣ። ሦስተኛ ልጃችን ሜሮን፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የላፕቶፑ ባለቤት። አራተኛ ጎረቤቴ ፋጡማ፣ የዚሁ የአፋር ልጅ፣ ብዙ የምታይ ጥቂት የምትናገር ሴት። አምስተኛ ሾፌሩ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ከጅቡቲ ጭኖ መጥቶ የተቀደደ ሸራውን እስክሰፋለት ጥላ ሥር የተቀመጠ። ስድስተኛ የፋጡማ ፍየል። ፍየሏ በክርክሩ አልተሳተፈችም፤ ግን ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሮን የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ጠዋት ማስገባት አለባት። ያላስገባ በዚህ ዓመት አይመረቅም ተብሏል። ጽሑፉ ደግሞ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፍላሽ ላይ የገለበጠችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ነው። ሐሙስ ጠዋት ባትሪው እስኪያልቅ ስትጽፍበት ቆየችና ትምህርት ቤት ሄደች። ማታ መጥታ ቻርጀሩን ሰካችና እንዲሞላ ተወችው። ዓርብ ምሳ በልታ ቁልፉን ብትጫነው ዝም። ደግማ ተጫነችው፤ ዝም። ቻርጀሩን ነቅላ ሰካችው፤ ዝም። ከዚያ በኋላ ዝም ያላለችው ሜሮን ናት።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከደምሴ መጣ። "ዋስትና አለው" አለ፣ የጠፋ ሰው እንዳገኘ። ላፕቶፑን የገዛነው ከስምንት ወር በፊት አዋሽ ካለ ሱቅ ነው፤ የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀትም አብሮ ተሰጥቶናል። እኔ የማውቀው ዋስ እግር ያለው ሰው ነው፤ ሲፈለግ ቤቱ ይኬዳል፣ ሲያስቸግር ሽማግሌ ይላክበታል። ወረቀት እንዴት ዋስ እንደሚሆን ያኔም አልገባኝም ነበር። ስለዚህ በገዛነው ቀን ደምሴን ጮክ ብለህ አንብብልኝ ብዬው ነበር፤ ዓርብም ያንኑ ወረቀት አውጥቶ እንደገና አነበበልን። ዋስትናው በአቧራ፣ በከፍተኛ ሙቀት፣ በውሃና በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት አያገለግልም ይላል።

እስቲ አስቡት። ሰመራ ላይ ዕቃን የሚያበላሽ ከእነዚህ ሌላ ምን አለ? ውሃውን እንኳ ተዉት፤ እሱ ለእኛም አልደረሰን። አቧራ ብትሉ ለእራት ሳይጠራ ይመጣል። ሙቀቱን አላወራላችሁም፤ የሰመራ ሰው ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ካልሆናችሁ አታምኑኝም። መብራቱ ሲመጣና ሲሄድ ጥርስ የሚያወልቅ ነው።

"ታዲያ ይሄ ዋስትና ምን ቢሆን ነው የሚሠራው? በረዶ ቢወድቅበት?" አልኩ።

ደምሴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየና፣ "በረዶ አልተጠቀሰም። በረዶ ይሸፈናል" አለ።

እንግዲህ ይህን ወረቀት በገዛነው ቀን ከሰማሁ ጀምሮ ያላደረግኩት ጥንቃቄ የለም። ለላፕቶፑ ከመኪና ሸራ ልብስ ሰፋሁለት፤ ዙሪያውን ብረት ቀለበት መታሁበት፣ በሰማያዊ ገመድ የሚታሰር አደረግኩት። ሜሮን አንድ መስመር ለመጻፍ እንደ ተሳቢ ጭነት ስትፈታው፣ ስትጨርስ ስትጭነው ነበር የምትውለው። አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ከየትም ሮጬ ቻርጀሩን እነቅላለሁ። ቀትር ላይ ከውሃ እንስራው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ ጥላው ለእሱም ይድረሰው ብዬ። ደረሰኟ እንዳትቀደድ ደግሞ ወስጄ ላሚኔት አስደረግኳት፤ ከነፖስታዋ ተቀብዬ ነፋስ እንዳይነካት ሳጥን ሥር ከተትኳት። ሐሙስ ከሰዓትም ያ የምታውቁት ቀይ ነፋስ ሲነሳ፣ ሜሮን በሌለችበት፣ ፋጡማ ከእኛ ቤት ተጠልላ እያየችኝ፣ ከትራስ በተረፈ የአሳይታ ጥጥ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ ወተፍኩ። የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ... ዓርብ ጠዋት ነፋሱ ሲያልፍ ጥጡን ለቅሜ ከረጢቱ ውስጥ መለስኩ። እናት ማለት ይህ ነው ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ሜሮን ሎጊያ ላለ ሞባይል ጠጋኝ ደወለች። ሰውየው "ማዘርቦርዱ ነው" አላት። ሳያየው? አልኳት። ሳያየው አለች። ሰይድ በበኩሉ የእሱ መኪና አልነሳ ሲል አራት ሰው ገፍቶ እንደሚያስነሳው ተናገረና ላፕቶፑን ዓይቶ መልሶ ተወው። ደምሴ ይከፈት አለ። ያኔ ሰይድ ከተቀመጠበት ተነሳ። ላፕቶፑን ገለበጠው፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ስቲከር ተለጥፋለች፣ ማኅተሟ ከተቀደደ ዋስትናው ይቀራል የሚል ተጽፎባታል። ሰይድ በጣቱ ዙሪያዋን ዳሰሳት፣ ኬላ ላይ እንደሚደረገው።

"እትዬ አስካለ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የታሸገ ጭነት ተሸክሜ ከጅቡቲ እመላለሳለሁ። አንድም ቀን ማኅተም ነክቼ አላውቅም። ወላሂ ይቺም አትነካም" አለ።

የእኛ መንገድ ሰው እንዲህ ነው። ማኅተም ካየ ልጁን ያየ ያህል ይሳሳለታል። ስለዚህ ነገሩ አለቀ፤ አይከፈትም፤ ቅዳሜ ማለዳ ሰይድ ወደ አዋሽ ሲሄድ እኔና ሜሮን ጋቢናው ውስጥ ተጭነን ላፕቶፑን ከነማኅተሙ ለሱቁ እናስረክባለን።

ፋጡማ ይህ ሁሉ ሲባል ፍየሏን ይዛ ዝም ብላ ነበር። ለወግ ያህል፣ እናንተ ግመል አልነሳ ስትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅኳት።

"ምን እንደጫንንባት እናያለን" አለችና ረዘም አድርጋ አየችኝ። እኔ ስለ ግመል የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ልትሸኘን መጣች። ጋቢናው ላይ ልወጣ ስል ጆሮዬ ሥር፣ "ያንን ነገር ለልጅሽ ንገሪያት" አለችኝ። የትኛውን ነገር ልላት ስል ሰይድ ሞተሩን አስነሳ፤ የሰይድ ሞተር ከተነሳ ደግሞ የፋጡማ ድምፅ ቀርቶ የራሳችሁን ሐሳብም አትሰሙም።

ሚሌ ስንደርስ ሰይድ ወረቀቱን ሊያሳይ ወረደ። አንድ ሽማግሌ አፋር በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ መስኮቴ ተጠጋ። ሰላምታ ሰጠንና ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አየ። "አልነሳ ያለው ኮምፒውተር ይሄ ነው?" አለ። ነው አልኩት ደንግጬ። "ገመዱ ሰማያዊ ነው ብለውን ነበር" አለና ራሱን ነቅንቆ፣ እኔን ትክ ብሎ አየኝ፤ "በርቺ" ብሎኝ ሄደ።

የደጋ ሰው ሆናችሁ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ አያልፍም። ቁጭ ይልና ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ይነግራል፤ ያኛውም እንዲሁ። ዳጉ ይሉታል። ዱሮ በእግር ነበር የሚሄደው፤ አሁን ሞባይል ተጨምሮበት ከሰይድ መኪና ይቀድማል። ፋጡማ ዓርብ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለመጀመሪያው ሰው ነግራዋለች ማለት ነው። ሜሮን፣ "እማዬ፣ አገር ሁሉ ሰምቷል" ብላ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች።

መንገዱ ረጅም ነው። ሜሮን ከሚሌ ወዲያ ማልቀስ ጀመረች። የዛሬ ወር ሻይ ጠብ አድርጋበት ነበር፤ አንድ ጠብታ፤ ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው አለችኝ። እኔም እንደምታውቁኝ አጋጣሚ አላሳልፍም፤ ስለ ጥንቃቄ እስከ ገዋኔ ድረስ አስተማርኳት። ዕቃ ስለመያዝ፣ ስለ ገመዱ አተሳሰር፣ ሰው የእናቱን ምክር ቢሰማ ስለሚያገኘው ነገር... ሰይድ እንኳ ሬዲዮውን ከፈተ።

ገዋኔ ላይ ምሳ ልንበላ ቆምን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሳህኑን ስታስቀምጥ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና "አይዞሽ እህቴ" አለች። የምታለቅሰው ሜሮን፣ የምትጽናናው እኔ... ገረመኝ፤ ግን ርቦኝ ስለነበር አልመረመርኩትም። በልተን ስንጨርስ ሰይድ እጃችንን ሊያስታጥበን ጄሪካኑን አወረደ። የጄሪካኑ ክዳን ጠፍቶ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ሰይድ ውታፉን በጥርሱ ነክሶ ሲነቅለው አየሁት። ጨርቁ ገና ከአፉ ሳይወጣ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ጥጡ።

ሐሙስ ላፕቶፑንም ወትፌው ነበር። የጎኑን ቀዳዳዎች፣ የሥሩን ወንፊት፣ ያቺን የቻርጀር መሰኪያ ክብ ቀዳዳ። ዓርብ ጠዋት ስለቅም የሌሎቹን አውጥቻለሁ። ከመሰኪያዋ ግን አላወጣሁም፤ ምክንያቱም ሜሮን ማታ ቻርጀሩን ሰክታበት ስለነበር ቀዳዳ መሆኗን አላየሁም። ልጄ ቻርጀሩን ሳታይ የሰካችው ጥጥ ላይ ነው። እየገፋች ጠቅጥቃዋለች። ላፕቶፑ የታመመ አልነበረም... ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮው ተወትፎ "ለምን አትበላም" እየተባለ ነበር።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በእግዚአብሔር ስም ልናገር ነበር። በዚያች ቅጽበት ሜሮን እጄን ያዘችና፣ "እማዬ፣ አንቺ እንዲህ እየተጠነቀቅሽለት እኔ አበላሸሁት። ይቅር በይኝ" አለችኝ።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁናችሁ ፍረዱ። ከዚህ በኋላ እንዴት ይነገራል? ያውም ያን ሁሉ ትምህርት ከሰጠሁ በኋላ! አፌን ዘጋሁትና በሌላ በኩል መጣሁ። ሽንት ቤት ልሂድ አልኩ። ሂጂ አለች። ላፕቶፑን ይዤ ተነሳሁ።

"ላፕቶፑ ሽንት ቤት ምን ያደርጋል?" አለች።

"ብቻውን እንዳይሆን" አልኩ።

"እኔ አለሁ አይደል።"

ተቀበለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የሸራ መርፌዬ አለች፣ መርፌዋ የምትገባበት ቀዳዳ ልጄ ጭን ላይ አለ፤ በመሃላችን ያለው ግን የእኔ ኩራት ነው። ከገዋኔ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ ሰው ሲጠይቃችሁ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ትላላችሁ፤ እኔን ብትጠይቁኝ ማለቂያ የለውም። ሱቁ ያውቅልናል፣ ዋስትናው ይቀበለዋል፣ እነሱ ጥጡን ያገኙታል፣ ፋብሪካ የረሳው ጥጥ ነው ይባላል... እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

አዋሽ ስንደርስ ሱቁ ክፍት ነበር። ባለሱቁ ትሑት ሰው ነው፤ ማኅተሙን አየ፣ ደህና ነው አለ፤ ሰይድ እሱ ያሸገው ይመስል ደረቱን ነፋ። ከዚያ "ደረሰኙስ?" አለ። ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ከፈተው። በፊት አየው፣ በጀርባ አየው፣ ወደ ብርሃን ወስዶ አየው።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ደረሰኙ ነው።"

"ጥቁር ነው እኮ።"

ለካ የዚያ ዓይነት ደረሰኝ በቀለም አይደለም የሚጻፈው። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ የሚጻፍበትም በሙቀት ነው። ላሚኔት ማድረጊያው ማሽን ደግሞ ምጣድ በሉት። ስለዚህ እኔ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈበት ደረሰኝ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ክፍት ቦታ ስለሌለው ብቻ ነው የማይነበበው። ባለሱቁ ያስታውሰኛል፤ ላፕቶፑን ስገዛ በር ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ስለ አቧራ የጠየቅኩ ሴት ነኝ። ነገር ግን አዲስ አበባ ያሉት አከፋፋዮች በእሱ ማስታወስ አያምኑም አለ። ትተነው ከሄድን ለምኖ ይልከዋል፤ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ሜሮን "ሰኞ" አለች። ሰውየው አዘነና ከጎኑ ያለችውን ጠባብ ክፍል በአገጩ አሳየን። ሐዋ የምትባል ልጅ አለች፣ ጅቡቲ ነው የተማረችው፣ እጇ ጥሩ ነው፤ ግን እሷ ማኅተሙን ከቆረጠችው ዋስትናውን እርሱት፣ እኔ ጋ አትመለሱ አለን።

ሰይድ ፊቱን አዞረ። ሜሮን ወደ እኔ አየች። ግቢ አልኳት።

ሐዋ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ጠረጴዛዋ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሞባይሎች ተደርድረዋል፤ በሯ ላይ ያለችው የፀሐይ መከላከያ ሸራ ተቀድዳ ተንጠልጥላለች። ሰማያዊውን ገመድ ስታይ ፈገግ አለች። ላፕቶፑን ፈታችና ከመንካቷ በፊት እኔን አየችኝ።

"እናቴ፣ ከመክፈቴ በፊት የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ የምትሠራበት እሷ ናት።"

ሜሮን ስለ ሻዩ ተናዘዘች። ጠብታዋን፣ ቀኗን፣ ስኳር እንደነበረባት ሳይቀር። ሐዋ እሷን ሰምታ መልሳ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ? ምንም?"

"ምንም።"

ካቻቢቴዋን አወጣች። ላፕቶፑን ገለበጠችው። ትንሿን ምላጭ አንስታ ማኅተሙ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና፣ "ይሄ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም" አለች። በሩ ላይ የቆመው ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ።

"እስቲ ከመቁረጥሽ በፊት ያቺን ቀዳዳ እይልኝ" አልኩ፣ እንደ ዋዛ።

"የትኛዋን?"

"አንዷን።"

"ብዙ ቀዳዳ አለው እናቴ።" ምላጩ አልተነሳም። ሜሮን ማኅተሙን እያየች እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሷል። የልጄ ዓመት ምላጭ ሥር ነበር፤ የምላጩን እጀታ የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ጥጥ አለበት" አልኩ። "የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ። እኔ ነኝ የወተፍኩት።"

ሐዋ ምላጩን አስቀመጠች። "አውቃለሁ" አለች።

ሁላችንም አየናት።

"ትናንት ነው የደረሰኝ። የአሳይታ ጥጥ ነው አሉ፣ ከትራስ የተረፈ። እናትየዋ ራሷ እስክትናገር ጠብቋት፣ ክብሯን የምትጠብቅ ሴት ናት፣ ልጇ ፊት አታሳፍሯት የሚልም አብሮ መጥቷል። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ግን ምላጩን እኔው አስቀምጠው ነበር፤ እጄ ደክሞ ነበር።"

አሁን ይታያችሁ። የሚሌው ሽማግሌ ያውቅ ነበር። የገዋኔዋ ሴት ታውቅ ነበር፤ አይዞሽ ያለችኝም ለዚያ ነው። ከሰመራ እስከ አዋሽ ያለ ሰው በሙሉ የእኔን ምሥጢር ይዞ፣ እንዳላፍር በትሕትና ፊቱን እያዞረ ሲያሳልፈኝ ነበር። ያላወቁት ጋቢናው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

"መቼ ነው ያስታወስሽው?" አለች ሜሮን ቀስ ብላ።

"አሁን።" ሐዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። "ገዋኔ ላይ" አልኩ።

"ይቅር በይኝ ስልሽ?"

"ከዚያ ትንሽ ቀደም ብዬ።"

ሜሮን ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰችብኝ ብዬ ልንበረከክ ስል ቀና አለች፤ ስትስቅ ነበር። "ላፕቶፑን ሽንት ቤት..." ትላለች፣ መጨረስ አልቻለችም። ሰይድም ነገሩ ሲገባው በሩን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰው በራሱ ላይ ለመሳቅ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ጥጡን ያወጣነው በእኔው የሸራ መርፌ ነው። ሐዋ ጫፏን ትንሽ አጠፈቻትና እንደ መንጠቆ አስገባቻት፤ ጥጡ ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሲወጣ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ይህን ያህል አገር ያስወራ ነገር ቢያንስ የእንቁላል ያህል ይሆናል ብዬ ነበር። ቻርጀሩ ተሰካ፤ ብርቱካን መልክ ያላት ትንሽ መብራት በራች። ጥቂት ቆይታ ሜሮን ቁልፉን ተጫነች፤ ጽሑፏም ከነአርእስቱ፣ ከነምዕራፎቹ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ሐዋ ሞባይሎቿን ወደ ዳር ገፍታ ጠረጴዛዋን ለቀቀችላት። ሜሮን እዚያው ተቀምጣ የቀረውን ጨረሰችና በኢንተርኔት ላከችው። ክፍያ ብል ሐዋ ማኅተም አልቆረጥኩም፣ ምን አስከፍላለሁ አለችኝ። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መርፌዬን አቅንቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ያቺን የበሯን ሸራ ከዳር እስከ ዳር ሰፋሁላት። የሰፋሁት እጥፍ ድርብ አድርጌ ነው፤ ሐዋ ግን ከሥር ቆማ፣ "እናቴ፣ መግቢያውን እንዳትዘጊብኝ ብቻ" ትለኛለች።

እሑድ በአውቶቡስ ተመልሰን በቀጥታ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ለምን ዓርብ ዕለት እዚያው አልነገርሽኝም፣ አገር ለአገር ከምታዞሪኝ አልኳት።

"ልጅሽና ባልሽ ፊት ላዋርድሽ?" አለች፣ በእውነት ተቆጥታ። "ለመንገድ ነው የነገርኩት። መንገድ ቤትሽ አያድርም።"

ላፕቶፑ ማኅተሙ እንዳልተነካ ነው፤ ዋስትናው የቀረውን አራት ወር ጨርሶ በክብር አረፈ፤ በረዶም አልወደቀበትም። ከሸራ የሰፋሁትን ልብስ ሜሮን ለፋጡማ ሰጥታዋለች፤ አሁን ፍየሏ ትተኛበታለች።

ሜሮን ተመርቃለች። በምረቃው ቀን ሐዋ ከእኛ ጋር እንድትቆም ፈልጋ ስልኳ ላይ ደጋግማ ደወለች፤ አይነሳም። ባለሱቁን ጠየቅነው፤ ክፍሏን ዘግታ ዕቃዋን ጭና ሄዳለች፣ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም አለ። ሰይድ ሲመላለስ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ድረስ ጠየቀልን፤ ያያት የለም። መጨረሻ ፋጡማን ጠየቅኳት። ብዙ አሰበችና "አልሰማሁም" አለችኝ። ፋጡማ አልሰማሁም ስትል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እያሰብኳት ነው።

ሐዋ ትባላለች። ቀጭን ናት፣ ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፣ ላፕቶፕና ሞባይል ትጠግናለች። አዋሽም ሆነ አሳይታ፣ አፋምቦም ሆነ ከዚያ ወዲያ ያያት ካለ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።